ገዋኔ መንገድ ዳር የምታዩት አረንጓዴ ሁሉ ደን አይደለም፤ ሣሩ የት ገባ?

ሣር_ቆጣሪዋ (ውይይቱን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ሳምንት አፋር ውስጥ ከአዋሽ ወደ ሚሌ በአውቶቡስ ስሄድ፣ ገዋኔ ልንደርስ ስንል ከጎኔ የተቀመጡ አዛውንት በመስኮት እያዩ «ተመስገን! በረሃው እንዴት ለመለመ» አሉ። ዝም ማለት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። «አባባ፣ ይሄ እኮ ፕሮሶፒስ ነው፣ ከውጭ መጥቶ የወረረን እሾሃማ ዛፍ» አልኳቸው። «ቢሆንስ? አረንጓዴ አይደለም እንዴ?» ብለው መለሱልኝ። ሚሌ እስክንገባ ተከራከርን። መንገድ ላይ ሙዝ ገዝተው ስላበሉኝ እሳቸው አሸነፉ ማለት ይቻላል። ጥያቄያቸው ግን አልለቀቀኝም፣ እዚህ ይዤው መጣሁ።

የእኔ ሥራ ሣር መቁጠር ነው። ሰው ሲሰማ ይስቃል፣ ግን ቃል በቃል ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነች የብረት ፍሬም መሬት ላይ እጥላለሁ፣ ውስጧ የበቀለውን ዓይነት በዓይነት እመዘግባለሁ፣ ሣሩን በመቀስ አጭጄ ወረቀት ከረጢት ውስጥ እከታለሁ፣ ሲደርቅ እመዝነዋለሁ። ክፍት ሜዳ ላይ ከዝናብ በኋላ ከረጢቱ ጢም ብሎ ይሞላል። ፕሮሶፒስ በዋጠው ቦታ ግን ፍሬሟን የምጥልበት ክፍተት ማግኘት ራሱ መከራ ነው። እንደምንም በእንብርክክ ገብቼ ስጥላት የማገኘው የረገፈ ቅጠል፣ እሾህ፣ የተሰነጠቀ አፈርና የፍየል በጠጥ ነው። ከረጢቱ ባዶውን ይመለሳል።

ዛፉ የሜክሲኮ፣ የመካከለኛው አሜሪካ፣ የካሪቢያንና የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ተወላጅ ነው። ወደ መካከለኛው አዋሽ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና 80ዎቹ ነው፤ ለጥላ፣ ንፋስ ለመከላከልና አፈር ለመያዝ ተብሎ። ማንም በክፋት አልተከለውም። ተመራማሪዎቹ እነ ኃይሉ ሽፈራው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት ግን እ.ኤ.አ. በ2017 አፋር ውስጥ የያዘው ቦታ 1.17 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ደርሷል። በየዓመቱ በአማካይ ከ31 ሺህ ሄክታር በላይ ሲጨምር ነው የቆየው።

የአየር ንብረቱ ጉዳይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ድርቅ ሲመጣ ሣር ይሞታል፣ ፕሮሶፒስ አይሞትም። ከብቱ ሌላ ስለሌለው ጣፋጩን ፍሬ ይበላል። ዘሩ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፣ እንዲያውም ልጣጩ ለስልሶ ለመብቀል ይመቸዋል። ቤተሰቡ ውሃና ሣር ፍለጋ ሲሰደድ ዘሩም በከብቱ ሆድ ተሳፍሮ ይሰደዳል። ቀጥሎ ጎርፍ ይመጣል (እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት አዋሽ ያደረገውን ታስታውሳላችሁ)፣ ፍሬውን ጠርጎ ዝቅ ባለው የግጦሽ መሬት ላይ ይበትነዋል። ድርቁም ያበላዋል፣ ጎርፉም ያጓጉዘዋል። ሣሩን ሁለቱም ይጎዱታል።

---

የሸለቆው_ልጅ

እህቴ፣ አገሬን ስላነሳሽ አመሰግናለሁ። አባቴ ይህን ዛፍ «ደርጊ ሓራ» ነው የሚለው፣ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። እኔ ነፍስ ሳውቅ ደግሞ ከተማው ሁሉ «ወያኔ» ይለው ነበር። መንግሥት ሲቀየር ስሙ ይቀየራል፣ ዛፉ ግን እዚያው ነው።

ልጅ ሆኜ ከብት የምንጠብቅበት ሜዳ ላይ «ዱርፉ» የምንለው ሣር ነበር። ላም ስትግጠው ክርች ክርች የሚል ድምፅ አለው፣ ሌሊት ተኝቼ ያ ድምፅ ይመጣብኛል። አሁን እዚያ ቦታ በመጥረቢያ መንገድ ካልተከፈተ ሰው አያልፍም። ጅብ ቀን በቀን ይተኛበታል። እሾሁ የከብት ሰኮና ውስጥ ገብቶ ይሰበራል፣ የመኪና ጎማም አይምርም።

አንዲት ላማችን በአንድ ክፉ ዓመት ፍሬውን ብቻ እየበላች ከረመች። መጀመሪያ ወፈረች፣ ደስ አለን። ከዚያ መንጋጋዋ ወደ ጎን ሄደ፣ ምላሷን መቆጣጠር አቃታት። ሣር ቆርጠን በእጃችን ስናጎርሳት ከአፏ ይወድቅ ነበር። እናቴ ውሃ በጣሳ ታጠጣት ነበር። አልተረፈችም።

---

ሣር_ቆጣሪዋ

ወንድሜ፣ ያየኸው ነገር ሌላም ቦታ ተመዝግቧል። ፍሬው ስኳር ይበዛዋል። ከሌላ መኖ ጋር በልክ ከተሰጠ ጥሩ ምግብ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሲበላ ግን ውስጡ ያለው መርዝ መንጋጋና ምላስ የሚያንቀሳቅሱትን ነርቮች ይጎዳል። ኬንያ ባሪንጎ ውስጥ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች እኮ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በዚሁ ዛፍ ምክንያት መንግሥታቸውን ከሰው፣ ጥርሷ የረገፈ ፍየል ማስረጃ ብለው ናይሮቢ ፍርድ ቤት አቅርበዋል።

---

ከሰል_በጆንያ

ሁላችሁም ዛፉን ትረግማላችሁ፣ እኔ ግን በእሱ ነው ልጆቼን የማስተምረው። ከሰሉ ይከብዳል፣ ቶሎ አያልቅም፣ ጭሱም ትንሽ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቡናችሁ የሚፈላው በምን ይመስላችኋል? መጥፋት አለበት ካላችሁ እኛው ቆርጠን እንጨርሰዋለን፣ ፈቃድ ብቻ ስጡን።

---

ሣር_ቆጣሪዋ

ጋሼ (በአነጋገርዎ ታላቄ ይመስሉኛል)፣ ሥራዎን አልነቅፍም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ፦ ሲቆርጡ ከየት ነው የሚቆርጡት?

---

ከሰል_በጆንያ

ከጉልበት በታች። እሾሁ መች ያስጠጋና።

---

ሣር_ቆጣሪዋ

ችግሩ ይኸው ነው። አንድ ግንድ የነበረው በሚቀጥለው ዝናብ አምስት ስድስት ቀንበጥ አውጥቶ ይመለሳል። ቀድሞ ከሥሩ ሰው ማለፍ ይችል የነበረው ዛፍ ቁጥቋጦ ይሆናል። እንዳይመለስ ከተፈለገ አፈሩን ቆፍሮ፣ ቡቃያ ከሚያወጣው የሥሩ አንገት በታች መቁረጥ ነው። ይህ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል፣ ከሰል ነጋዴ ለጉድጓድ አይከፍልም። ሌላም አለ። የከሰል ፈቃድ በተሰጠባቸው ጊዜያት ከፕሮሶፒሱ ጋር የአገሩ ግራርም አብሮ ተከሰለ። ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ይለየዋል?

---

ከሰል_በጆንያ

እኔ እለየዋለሁ። ግን እውነትሽን ነው፣ ሁሉም እንደኔ አይደለም።

---

ዳላስ_ነኝ

ሰላም ከቴክሳስ። እኔ የምኖርበት አገር ይሄ ዛፍ «መስኪት» ነው የሚባለው። ሥጋ የሚጠበስበት እንጨት ነው፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ በከረጢት ተሽጎ ይሸጣል። አንድ ከረጢት ገዝቼ የቤቴ በረንዳ ላይ ጥብስ ስጠብስ፣ አፋር ያደገ ጓደኛዬ ሽታውን እንደሰማ «ይሄንን እዚህም አገኘሁት?» ብሎ ተነሳ። ሳቅን። በኋላ ግን ሳስበው እዚህ አገሩ ነው፣ እሱን የሚበላ ነፍሳት አለው፣ የሚያውቀው ሰው አለው። እኛ ዘንድ የመጣው ግን እንደዚያ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ እንዳለው ጅብ ነው። በዓለም 100 ክፉ ወራሪዎች ዝርዝር ውስጥ አለ የተባለው እሱ ነው አይደል?

---

ሣር_ቆጣሪዋ

ዳላስ፣ ጅቡን ወድጄዋለሁ፣ አንድ እርማት ግን አለኝ። ዝርዝሩ ላይ ያለው የእኛው ዝርያ «ጁሊፍሎራ» ሳይሆን ወንድሙ «ግላንዱሎሳ» ነው፣ አንተ ሥጋ የምትጠብስበት ማለት ነው። ደግሞ አገሩም ላይ ቢሆን ጨዋ ነው ማለት አይደለም። ቴክሳስ ውስጥ ቀድሞ ሣር የነበረ ሰፊ መሬት ላይ ወጥቶበታል። ከብት ዘሩን አዛመተ፣ ሣሩ በግጦሽ ሳሳ፣ ቁጥቋጦ የሚያቃጥለው እሳትም ቀረ። እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

---

መሐንዲሱ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ዓለም ሁሉ ዛፍ ትከሉ እያለ ነው። እኛም ችግኝ ስንተክል ነው ክረምቱን የምናሳልፈው። እዚህ ደግሞ ማንም ውሃ ሳያጠጣው፣ ማንም ሳይንከባከበው ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ በራሱ የበቀለ ዛፍ አለ። ካርቦን ይይዛል። ለምን ቆጥረን የካርቦን ገንዘብ አንቀበልበትም? ሜዳው እንደሆነ ባዶ መሬት ነው።

---

ሣር_ቆጣሪዋ

መሐንዲሱ፣ የአውቶቡሱ አባባ ልጅ ነህ እንዴ? 😀 ጥያቄህ ግን ከባድ ነው፣ ተረጋግቼ ልመልስ።

«ባዶ መሬት» ያልከውን ልተውልህ አልችልም። ሣር ሀብቱን የሚያስቀምጠው ከመሬት በታች ነው። አንድ እፍኝ ሣር ነቅለህ ሥሩን አራግፈው፣ አፈሩን እንደ ፀጉር ይዞት ታያለህ። ዛፍ ካርቦኑን ግንዱና ቅርንጫፉ ላይ ያሳያል፣ ሣር ደብቆ ይይዛል። ስለ ባሪንጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት ፕሮሶፒስ የያዘውን መሬት፣ የተራቆተውንና ሣር ዳግም የተዘራበትን አወዳድሯል። ፕሮሶፒሱ በግንዱና በቅርንጫፉ ብዙ ካርቦን መያዙን አልካዱም። ሣር የተመለሰበት መሬት ግን አፈሩ ውስጥ ካርቦን እያከማቸ፣ መኖም እየሰጠ፣ የዕፀዋቱንም ዓይነት እያበዛ ነው የተገኘው። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል አላስፈለገም። ፕሮሶፒስ ግን ካርቦኑን የሚሰጥህ ላምህን ተቀብሎ ነው። ከዚያ ያ ካርቦን ጆንያ ውስጥ ገብቶ አዲስ አበባ ቡና ሲያፈላ ስንት ይቀርሃል? (ጋሼ ይቅርታ።)

ውሃውን ደግሞ ስማ። ተመራማሪዎች አፋር ውስጥ ግንዱ ላይ መለኪያ አስረው ዛፉ በቀን ስንት እንደሚጠጣ ለክተዋል፤ እንደ ውፍረቱ ከ1 እስከ 36 ሊትር፣ በአማካይ 7 ሊትር ገደማ። ትንሽ ይመስላል። በክልሉ ሲደመር ግን በዓመት ከ3.1 እስከ 3.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይሆናል። ሣር ዝናብ ሲጠፋ ይተኛል፣ መጠጣት ያቆማል። ይህ ዛፍ ግን አይተኛም፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ አባባ የወደዱለትም ይህንኑ ነው። የአሪዞናው ዘመዱ ሥር አንድ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ 53 ሜትር ጥልቀት ላይ ተገኝቷል።

አየሩ ራሱም ለማን እንደሚያደላ ልጨምር። የቆላ ሣሮች አብዛኞቹ ካርቦን ዳይኦክሳይድን አከማችተው የሚጠቀሙበት ስልት አላቸው፤ ጥቂት ሲሆንም ይበቃቸዋል፣ ሲጨምርላቸው ያን ያህል አይፈነጥዙም። ቁጥቋጦና ዛፍ ያ ስልት የላቸውም። ስለዚህ ከፋብሪካው ዘመን በፊት ከአየሩ ሚሊዮን እጅ 280 ገደማ የነበረው ጋዝ ከ420 በላይ ሲሆን ምግብ የተጨመረላቸው እነሱ ናቸው። በዓለም ዙሪያ ሣር ሜዳ ወደ ቁጥቋጦ የሚለወጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ብለው ብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ያስባሉ። ምን ያህሉ የጋዙ፣ ምን ያህሉ የግጦሹ እንደሆነ ክርክሩ አላለቀም። እኔ በግሌ ግጦሹና የመሬት አያያዙ ይበልጣል ባይ ነኝ።

---

መሐንዲሱ

ባዶ መሬት ያልኩትን አንስቻለሁ። ካርቦኑን ግን ገና አስብበታለሁ።

---

ከያቤሎ

ሦስቱን ያዙልኝ ስላልሽ ያዝኩልሽ። እኛ ቦረና ውስጥ ፕሮሶፒስ ሳይሆን የገዛ አገራችን እሾህ ነው የወረረን። ሽማግሌዎቻችን በየተወሰነ ዓመቱ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ሜዳውን በእሳት ይለቁት ነበር። አሮጌው ሣር ይነዳል፣ ቡቃያው ቁጥቋጦ ይሞታል፣ መዥገሩም ይሄዳል፣ ዝናብ ሲመጣ ለስላሳ ሣር ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እሳት ተከለከለ። ከዚያ «ፉሌንሳ» የምንለው እሾህ ተነሳ። የተማረ ሰው መጥቶ እሳት አገር ያጠፋል አለን፣ ዛሬ ደግሞ የተማረ ሰው መጥቶ እሳት ያስፈልጋል ይለናል። አያቴ ሁለቱንም በሻይ አስተናግዷል።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ድርቅ አምስት ዝናብ ተከታትሎ ቀረብን። ከብታችን አለቀ። አሁን እሳት ቢፈቀድስ የሚነድ ሣር የት አለ?

---

ሣር_ቆጣሪዋ

አያትህ ይኑሩ፣ እኔንም ያስተናግዱኝ። ያነሳኸው የመጨረሻ ጥያቄ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። እሳት ማገዶው ሣር ነው። ሣሩ አንዴ ከሳሳ እሳቱ ቁጥቋጦ ለመግደል የሚበቃ ሙቀት አያገኝም፣ ቁጥቋጦው ይወፍራል፣ ሣሩ ይበልጥ ይሳሳል። ከዚያ አዙሪት የሚወጣው መጀመሪያ ቁጥቋጦውን በእጅ አሳስቶ፣ መሬቱን ከልሎ ሣሩን በማሳረፍ ነው። እናንተ «ካሎ» የምትሉት ክልል ይህንኑ ነው የሚሠራው፣ ለጥጃ ብላችሁ ብታጥሩትም።

---

ሻርጃ_ነኝ

እኔ የተማርኩ አይደለሁም፣ እዚህ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ግን ዛፉን ፎቶ ላይ ሳየው ደነገጥኩ፣ ከግቢያችን ጀርባ አለ። የማዳሜ አባት ሽማግሌ ናቸው፣ ይጠሉታል። የእነሱ ዛፍ «ጋፍ» ይባላል፣ የአገሪቱ ዛፍ ነው፣ ከእኛው ዛፍ ጋር ይመሳሰላል። የመጣውን «ጉወይፍ» ይሉታል። አንድ ቀን ሽማግሌው በምርኩዛቸው እየመቱት «ይሄ ሌባ ነው፣ ውሃ ይሰርቃል» አሉኝ። እኔም ቋንቋው ባይሞላልኝ «እኛ አገርም አለ» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያዩኝ በዛፉ ነው ሰላም የሚሉኝ።

---

ሣር_ቆጣሪዋ

ሻርጃ፣ እህቴ፣ ከተማሩት ብዙዎቹ ጋፍንና ጉወይፍን አይለዩም። ሽማግሌውን ከእኔ ሰላም በያቸው።

---

የኮምቦልቻዋ

ስለ ዛፉ ብቻ አታውሩ። እኛ ጋ ፓርቲኒየም የሚባል አረም አለ፣ ኦሮሚኛ ተናጋሪዎቹ «ፈረምሲሳ» የሚሉት፣ መሬትህን ፈርመህ አስረክብ የሚያሰኝ ማለት ነው አሉ። ላም ከበላችው ወተቱ ይመራል፣ ቡና ውስጥ እንኳ አይገባም። በባዶ እጄ ነቅዬው ክንዴ ሙሉ ሽፍ ብሎብኛል። እናቴ «በርዳታ ስንዴ ነው የመጣው» ትላለች። እውነት ነው?

---

ሣር_ቆጣሪዋ

የእናትሽ ታሪክ ከሚጠረጠሩት መንገዶች አንዱ ነው። ሌላው የሚነገረው ከሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ጀምሮ በድሬዳዋ በኩል፣ በወታደር መኪና ጎማ ነው። አንዱ ተክል ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፣ ስለዚህ ሳያብብ ንቀሉት፣ በጓንት። ጓንት ከሌለ ፌስታልም ይሁን። ካበበ በኋላ ነቅሎ መንገድ ዳር መጣል መዝራት ነው። ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛ ከውጭ መጥቶ አገራችን ውስጥ ተለቋል፣ ለፓርቲኒየም ብቻ እንጂ ለጤፍሽ አይደርስም።

---

እሾህን_በእሾህ

ታዲያ ለፕሮሶፒስስ ጥንዚዛ የለውም? አምጡና ልቀቁት፣ ያልቃል። ምን ያስወራል?

---

ሣር_ቆጣሪዋ

አለው። ደቡብ አፍሪካ ዘር የሚበላ ጥንዚዛ ለቀቀች። ዘር ብቻ የሚበላ የመረጡት ገበሬው ጥላውንና ፍሬውን ስለሚፈልግ ነው። ምን ሆነ መሰለህ? ጥንዚዛው ዘሩ ላይ ሳይደርስ ከብቱ ቀድሞ ይበላዋል። በአጥር ከብት ካልተከለከለ በቀር ጥንዚዛው ጦሙን ያድራል። አውስትራሊያ ቅጠል የሚያጠቃ የእሳት እራት ለቃ የተሻለ ውጤት አግኝታለች። እኛ ጋ ሲመጣ ከጋሼ ከሰል ጋር መነጋገር ግድ ነው፤ በአንድ ዛፍ አንዱ ልጅ እያስተማረ ሌላው ላም እየቀበረ ነውና።

---

የሸለቆው_ልጅ

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አጎቴና ጎረቤቶቹ ባለፈው ዓመት ከቤታችን ጀርባ ያለውን ቁራጭ መሬት ከሥሩ ቆፍረው አጸዱት። ብዙ ሰው ሳቀባቸው። እሾህ አጥረው ከብት ከለከሉ። ዝናቡ ጥሩ ነበር፣ አሁን የሆነ ነገር በቅሏል። እህቴ፣ ሣር ቆጣሪ ከሆንሽ ፎቶውን ላክሁልሽ፣ ዱርፉ ነው?

---

ሣር_ቆጣሪዋ

አየሁት! ከመሃሉ የፕሮሶፒስ ችግኝ አለ፣ በግራ በኩል ባለው እበት ላይ የበቀሉትን ሦስት ትናንሽ ቅጠሎች አጉላቸው። አፈሩ እርጥብ ሳለ ዛሬውኑ በእጅህ ሳባቸው፣ ከነሥራቸው ይወጣሉ። አንድ ወር ብታሳድራቸው አካፋ ይፈልጋሉ። አጥሩ ቢኖርም ሰው በር ከፍቶ ከብት አስገብቷል ማለት ነው፣ አጎትህን ጠይቃቸው።

ሣሩን ግን በቅጠሉ ብቻ ልነግርህ አልችልም፣ አበባው ያስፈልገኛል። እናትህን ብትጠይቃቸው ከእኔ ይቀድማሉ።

---

የሸለቆው_ልጅ

ችግኞቹን ነቀልኳቸው፣ ሦስት ሳይሆኑ ሰባት ናቸው። አጎቴ በሩን የከፈተው እሱ ራሱ ነው፣ ጥጃው አሳዝኖት።

እናቴ ጋ ደወልኩ። ቅጠሉ ምን እንደሚመስል ስነግራት ሳቀች። «እሱንማ ላም ሌሊት ከበረት ሰብራ ወጥታ ትበላዋለች» አለችኝ። ስሙን ልትነግረኝ ስትል መስመሩ ተቋረጠ። ነገ እደውላለሁ።